እሺ፣ ይቀመጡ፣ እየመጣ ነው

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጥቅምት ነው ልበል ወይስ ኅዳር? ባለቤቴን ብጠይቃት «ጣሪያችን ከመታደሱ በፊት ነው» ትላለች። ጣሪያው መቼ ታደሰ ስላት ደግሞ «ያ የኮምፒውተር ጉድ ካለፈ በኋላ» ትለኛለች። ኮምፒውተሩ ራሱ ቀኑን ሳያውቀው አይቀርም፤ ግን እኔና እሱ የታረቅነው ገና በቅርቡ ስለሆነ ባላስቸግረው ይሻላል። ብቻ በርበሬ ተለቅሞ የሚሰጣበት ወራት ነበር። ይህን አልረሳም፤ የነገሩ ሁሉ ጭንቀት የደንበኛዬ የእትዬ ከድጃ በርበሬ ነበርና።

እኔ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ሸራ፣ ገመድና ጆንያ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ፣ መደመርና መቀነስ ላይ ስደርስ ያቆመ ነው። ማባዛትን የተማርኩት ሱቅ ውስጥ ነው። ማካፈልን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

ሱቅ ውስጥ ከማባዛትም በፊት የተማርኩት ግን «የለም» አለማለትን ነው። ደንበኛ መጥቶ የሌለህን ዕቃ ሲጠይቅህ ፊትህን ፈታ ታደርግና «አለ! ይቀመጡ፣ እየመጣ ነው» ትላለህ። ጆንያ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ሻይ ታዝለታለህ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ትጠይቀዋለህ። አንተ ስትጠይቅ የላክኸው ሰው በጓሮ ዞሮ ከሌላ ሱቅ ዕቃውን ተሸክሞ ከተፍ ይላል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ያኛውም ባለሱቅ ደስ ይለዋል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ውሸት ነው የሚል ካለ መርካቶን አያውቃትም። ዕቃው እኮ አለ! ያለው ሌላ ሰው ጋ መሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው የበቅሎ ኮርቻ አለ ወይ ብሎኝ «አለ» አልኩት። ሻይ ጠጣ፣ ደገመ፣ የእህቱን የፍርድ ቤት ጉዳይ ከሥሩ ጀምሮ ነገረኝ፣ በመጨረሻ ገመድ ገዝቶ ሄደ። ኮርቻው ግን መጣ! ሰውየው ከሄደ በኋላ ይሁን እንጂ መጣ። እስካሁን ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። የበቅሎ ኮርቻ የምትፈልጉ ካላችሁ አለ። ይሄኛው በእውነት አለ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ አፉ ግን ሌላ ነው። ደንበኛው ገና መንገዱን ሳይሻገር «የለም!» ይለዋል። አንድ ቀን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሸራ ክምር ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው መጣ።

«ሸራ አለ?»

«የለም።»

«የተቀመጡበትስ ምንድን ነው?»

«የተሸጠ።»

አለቀ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰውየው ወደ እኔ መጣ፣ እኔም «ይቀመጡ» አልኩት። ረድፉ ሁሉ ይህን ጎረቤቴን «የለም» ብሎ ነው የሚጠራው። ኩሊዎች ዕቃ ሲያደርሱ «የለም ጋ ነው የሚራገፈው» ይባባላሉ። እኔና እሱ ጠብ የለንም፤ ጠዋት «እንዴት አደርክ» እንባባላለን፣ ማታ «ደህና እደር» እንባባላለን። በመካከሉ ያለውን ቀን ግን እያንዳንዳችን የሌላውን ንግድ በሐዘኔታ ስንመለከት ነው የምንውለው።

አሁን ወደ ምራቴ ልምጣ። ትርሲት ትባላለች፤ ልጄ ባለፈው ዓመት ያገባት፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ናት። መሥሪያ ቤት አላት፤ በትርፍ ሰዓቷ ደግሞ ለእኔ ሱቅ አንድ ዌብሳይት ሠራችልኝ። የክፍለ ሀገር ደንበኞቼ በስልካቸው ይገቡና የሚፈልጉትን ያዛሉ። መጋዘኔ ውስጥ ያለው ሸራና ገመድ ሁሉ ገብቶበታል።

«በምን ቋንቋ ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«በጃቫ ነው ጋሼ።»

«የት አገር ነው የሚነገረው?»

«ሰው አይናገረውም፤ ኮምፒውተር ነው የሚሰማው።»

ጉራግኛ አለኝ፣ አማርኛ አለኝ፣ ለገበያ የሚበቃ ዓረብኛም አለኝ። ማንም የማይናገረው ቋንቋ ስለቀረብኝ አልተቆጨሁም።

ሥራው ሲጀመር ደህና ነበር። ታዲያ አንዳንዴ ነገር ሲበላሽ፣ የደንበኛው ስልክ ነጭ ይሆንና ከላይ እስከ ታች ልክ እንደ መቶ እግር ትል የረዘመ እንግሊዝኛ ይወጣበታል። አንዳንዱ ገጽ ደግሞ «ኤረር» ብሎ ዝም ይላል። አንዳንዱ ቁጥር ብቻ ያሳያል። ያ ቁጥር ነው መጀመሪያ ያዋረደኝ። አንድ የወሊሶ ደንበኛ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አምስት መቶ በዛ።»

«የምኑ?»

«እኔ እንጃ፤ ስልኩ አምስት መቶ አለኝ። ደንበኛ ነኝ እኮ፣ ትንሽ ቀነስ አድርጉ እንጂ።»

ትርሲትን ጠየቅኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ጋሼ፣ ዋጋ አይደለም። እኛ ጋ የሆነ ነገር ሲበላሽ ሲስተሙ የሚልከው ቁጥር ነው። ‹ጥፋቱ ከእኔ ነው› ማለቱ ነው።» ይህን ለወሊሶው ሰው ላስረዳ ስል እሱ ቀድሞ ደወለ።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ አሁን አራት መቶ አራት አደረጋችሁት።»

ለካስ ያልነበረ ገጽ ከፍቶ ነው። ገበያ የለመደ ሰው ቁጥር ካየ ይከራከራል፤ ኮምፒውተሩም ሳያስበው ቀነሰለት።

ትርሲት በዚያው ሳምንት እሑድ ቤት መጥታ ነገሩን እንደምታስተካክል ነገረችኝ። «እስካሁን እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ስህተት ለብቻው ነበር የሚመልሰው» አለች። «ለዚህ ነው መልሱ የተዘበራረቀው። አሁን ስህተት የትም ይፈጠር የት ሁሉም ወደ አንድ ቦታ እንዲመጣ አደርጋለሁ። እዚያ አንድ ተቀባይ ይኖራል፤ ለደንበኛው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።»

«እንደ ሰርግ ቤት!» አልኳት። «ድንኳኑ በር ላይ አንድ ደህና ሽማግሌ ይቆማል። የተጠራውንም ያልተጠራውንም እሱ ይቀበላል። አስተናጋጁ ሁሉ በየጠረጴዛው ከእንግዳ አይጨቃጨቅም።»

«ልክ እንደዚያ!» አለች፤ ዓይኗ በራ። ጃቫ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው እንደሚማሩት ገረመኝ።

እዚህ ላይ ትርሲት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ለአክብሮት ብላ ነው እንጂ ባትጠይቀኝ ይሻላት ነበር። «ተቀባዩ ምን ይበል ጋሼ?» አለችኝ።

አላሰብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩት ነው። «እሺ፣ ይቀመጡ፣ እየመጣ ነው በይው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ያልተሳካውን ነገር እሺ ካልነው ሰውየው የተሳካ ይመስለዋል።»

«ይምሰለው! እስኪመጣለት ድረስ ደስ ብሎት ይጠብቃል።»

«ማን ያመጣዋል?»

«ይመጣል አልኩሽ እኮ።»

ትርሲት ልጄን አየችው። ልጄ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም። አዲስ ሙሽራ ናት፤ አማቷን እንዴት ትከራከር? እኔም የልብ ልብ ተሰማኝና ጨመርኩበት። «ያንን ቁጥር ደግሞ ለሰው አትላኩ፣ ክርክር ያመጣል። ለሁሉም አንድ ጥሩ ቁጥር ስጡ። ‹ተሳክቷል› የሚል ቁጥር የላችሁም?»

«አለን ጋሼ። ሁለት መቶ።»

«ረከሰም እኮ! እሱን ስጡ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ጆሮዬ ከበድ ስለሚል ደስ ብሏት ያለችው መስሎኝ ነበር።

እናላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ! የሚደውል የለ፣ የሚያማርር የለ፣ ስለ መቶ እግሩ የሚያወራ የለ። ሲስተሙ ጨዋ ሆነ። ሰባተኛ ሰፈር ሻይ ቤት ስቀመጥ ለሰው ሁሉ አወራሁ። «እኛ ጋ እኮ ኮምፒውተሩ የንግድ ሥነ ሥርዓት ተምሯል» እያልኩ። ወሬው ጎረቤቴም ጋ ደረሰ። አንድ ማታ ሱቁን እየቆለፈ «ዝም አለ አሉኝ» አለኝ።

«አዎ፣ ዝም አለ።»

«ተሽሎት ነው ወይስ ሞቶ?»

የለም ማለት ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን ይላል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አርብ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ኮፍያ ያደረገ አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ገብቶ ሰላምታ ሰጠኝና ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ሻይ አዘዝኩለት። ስለ ብርዱ አወራን። ሻዩ አለቀ፤ ሰውየው ግን አይነሳም፣ አይጠይቅም።

«ምን ልታዘዝ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ናችሁ ይቀመጡ፣ እየመጣ ነው ያላችሁኝ። ቤቴ ብቀመጥ ብቀመጥ አልመጣ አለ። ምናልባት እዚህ ነው የሚቀመጡት ብዬ መጣሁ።»

ለካስ የይለፍ ቃሉን ረስቶ የተሳሳተ ሲያስገባ ነው ሲስተሙ እንዲያ ያለው። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ መጡ፤ ስንት ጆንያ እንደሚፈልጉ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ «ብዙ» ብለው የጻፉ ሴትዮ ናቸው። ኮምፒውተሩ «ብዙ» የሚባል ቁጥር አያውቅም፤ ወደ ተቀባዩ ላከው፣ ተቀባዩም እሺ እየመጣ ነው አላቸው። «ብዙዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ይቀመጡ» አልኳቸው። ምን ልበል?

ሁለቱ ሳይነሡ ደግሞ አንድ የዝዋይ ወጣት ባዶ የጭነት መኪና ደጄ ላይ አቆመና ወረደ።

«ጋሼ፣ ጀልባዬ ደረሰ?»

«ምንህ?»

«ጀልባዬ። ሌላ የሚፈልጉት ዕቃ ካለ ይጻፉ ይላል፤ ጻፍኩ። እሺ እየመጣ ነው ተባልኩ። መኪና ተከራይቼ መጣሁ።»

ሰው ምን ይለኛል ሳልል እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚያች ደቂቃ ላይ እንኳ «የለም» አልወጣኝም። መርካቶ ውስጥ ጀልባ የት ተራ ሊገኝ እንደሚችል ማሰላሰል ጀመርኩ። አንዱ ጓሮ አይጠፋም ብዬ ነው። «ይቀመጡ» አልኩት። ተቀመጠ። ሱቄ ጤና ጣቢያ መሰለ። ሌሎች ገዢዎች ቢመጡ ልሸጥላቸው አልቻልኩም፤ የሚሸጠው ጆንያ የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦበታል።

ስልኬ የጮኸው ይሄኔ ነው። እትዬ ከድጃ ናት፣ ከቡታጅራ። ከእሷ ጋር የምንተዋወቀው ሁለታችንም ፀጉራችን ጥቁር ሳለ ነው። በርበሬ ትነግዳለች፤ ከገበሬ ሰብስባ ሰፊ ሜዳ ላይ ታሰጣዋለች። ከደረቀ የዓመት እንጀራዋ ነው። ከረጠበ ይሻግታል፤ ከሻገተ የእሷም የገበሬዎቿም ልፋት ገደል ገባ።

«የት ደረሰ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ምኑ ይለኛል እንዴ! ሸራው ነዋ! ከትናንት ወዲያ በስልኩ አዘዝኩ። እሺ፣ ይቀመጡ፣ እየመጣ ነው አላችሁኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ። ደመናው ግን አልተቀመጠም፤ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሷል። ያለ ወሩ ዝናብ ሊመጣ ነው። በርበሬው እንዳለ ሜዳ ላይ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

መቀመጥ ፈልጌ ባዶ ጆንያ አጣሁ። ወዲያው ለትርሲት መሥሪያ ቤቷ ደወልኩላት። «አንድ ጊዜ ጋሼ» አለችና ኮምፒውተሯን ስትነካካ ሰማሁ።

«የእትዬ ከድጃ ትዕዛዝ የለም።»

«እንዴት የለም? እሺ ተብላለች!»

«ያዘዙት መጋዘን ካለው ሸራ በላይ ነው። ሲስተሙ አልቀበልም ብሏል። እንዲህ እንዲል ነው የጻፍኩት፣ ልክ ነው። ግን…»

«ግን ምን?»

«ግን እምቢታው በሩ ላይ ካለው ተቀባይ ሲደርስ… የእርስዎ መልስ ነበር የጠበቀው ጋሼ።»

«ታዲያ አንቺ እንዴት አላየሽውም?»

«የማየው የተበላሸውን ነው። አሁን ሁሉም ተሳክቷል ነው የሚለው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሲስተሙ ውስጥ አንድም ስህተት አልተመዘገበም።»

አንድም ስህተት አልተመዘገበም! እኔ ቀና ስል ስህተቶቼ ሁሉ ጆንያ ላይ ተደርድረው ሻይ እየጠጡ ያዩኛል።

መጋዘኔ ያለው ሸራ የእትዬ ከድጃን ሜዳ ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። የቀረውን ያህል ሸራ በአንድ ጊዜ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክምሩ ላይ ተቀምጦ «የለም» የሚለው። ቀና ብዬ ሳይ ሱቁ ተዘግቷል። አርብ ነው፤ ጁምዓ ሄዷል።

የጁምዓ ዕለት አንዋር መስጊድ አካባቢ ደርሳችሁ ታውቁ ከሆነ ሁኔታዬን ትረዳላችሁ። ሰጋጁ ከግቢው ሞልቶ አስፋልቱን ይዞታል፤ ጨርቅ ተራውም ቅመም ተራውም ምንጣፍ ሆኗል። ጋሪ አያልፍም፣ መኪናማ አይታሰብም። ልሮጥ አልችልም፤ ብችልም በሰው ስግደት መካከል የሚሮጥ ሽማግሌ ምን ይባላል? ዳር ላይ አንድ የድስት ሱቅ ጥላ ሥር ቆምኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እትዬ ከድጃ ናት። ላንሳ? አንስቼ ምን ልበል? እየመጣ ነው ልበላት? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ሌላውን ሳስቀምጥ ኖሬ፣ መጠበቅ ምን እንደሚመስል እዚያ ድስት ሱቅ ጥግ ላይ አወቅሁት። ጥሩ ነገር አይደለም። ሻይም የሚያዝልኝ አልነበረም።

ስግደቱ አለቀ። ሰው ተነሣ፣ ምንጣፍ ተጠቀለለ። ጎረቤቴ ጫማውን ሲያጠልቅ አገኘሁትና እያለከለክሁ «ሸራ አለህ?» አልኩት።

«የለም» አለኝ፤ ቀና እንኳ ሳይል።

«የእትዬ ከድጃ በርበሬ ሜዳ ላይ ነው። ቡታጅራ ደመና ይዟል።»

ጫማውን ማሰር ተወ። «አንተ ጋ አይደል የምትገዛው?»

«እኔ ጋ ነው። የለኝም።»

ወገኖቼ፣ ሰውየው ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት! በአንድ ረድፍ ፊት ለፊት አርጅተን ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም።

«ምን አልክ?»

«የለኝም አልኩህ። የለኝም! ሲስተሙ ግን ከትናንት ወዲያ እሺ ብሏታል።»

«ከትናንት ወዲያ የለም ብትላት ኖሮ ከትናንት ወዲያ እኔ ጋ ትደውል ነበር» አለ። «ትናንት ሸራው እጇ ይገባ ነበር። እኔ የለም የምለው ሰውን ጠልቼ ይመስልሃል? ሰው እንዳይቀመጥ ነው። እሺ ያልከው ሰው ሌላ ሱቅ አይፈልግም።»

«እኔ እሺ ስል እኮ ሰው እልካለሁ፣ በጓሮ ዞሮ…»

«ኮምፒውተርህ ማንን ላከ?»

ትርሲትም ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። እሷ በለሆሳስ ጠየቀችኝና አልሰማሁም፤ ይሄ ጮሆ ጠየቀኝና መንገደኛው ሁሉ ሰማ። እኔ አሁንም ልማዱ ትክክል ነው እላለሁ። ግን ልማዱ በጓሮ የሚሮጥ እግር ነበረው። እኔ አፉን ብቻ ቆርጬ ስልክ ውስጥ ከተትኩት።

«ሸራው አለ?» አልኩት እንደገና።

«አለ» አለኝ። አለኝ! ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱንም የጎረበጠው ይመስላል። «መኪናስ አለህ?»

ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። የጀልባው መኪና ደጄ ላይ ባዶውን ቆሟል።

ተመልሰን ሱቅ ስንገባ ሦስቱም እንደተቀመጡ ናቸው። «ተነሡ!» አልኩ። ይቀመጡ ብዬ ያስቀመጥኩትን ሰው ተነሡ ስል የመጀመሪያዬ ነው። የደብረ ብርሃኑ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ሸራ ተሸከመ። ባለ ብዙዋ ሴትዮ መኪናው አጠገብ ቆመው «እንዲህ አይደለም አጣጣፉ!» እያሉ አዘዙ፤ እውነትም አጣጣፉ እንዲያ አልነበረም። ጎረቤቴ መጋዘኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ያወጣል፣ ዝም ብሎ ይጭናል፤ ዋጋ አላነሳም። የዝዋዩን ወጣት «ልጄ፣ ቡታጅራን አቋርጠህ ብትሄድ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«በዚያ በኩልም ዝዋይ ይገባል፣ ግድ የለም» አለ። «ጀልባዬስ ጋሼ?»

ጎረቤቴ አየኝ። ረድፉ ሁሉ አየኝ።

«የለም» አልኩት። «ዛሬ የለም። ከተገኘ እደውልልሃለሁ።»

ልጁ ምንም አልከፋውም። «ጠዋት እንዲህ ቢሉኝ ጥሩ ነበር» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ለእትዬ ከድጃ ደወልኩላትና እውነቱን ነገርኳት፤ ትዕዛዙ አልገባም ነበር፣ ሸራው አሁን ነው ከመርካቶ የወጣው፣ እስኪደርስ ያለሽን ጆንያና ላስቲክ ሁሉ አልብሺው። የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆችም ያነቡታል። ግን ስልኩን ዘግታ አልተቀመጠችም። ጎረቤት ጠርታ፣ የቤቷን መጋረጃ ሳይቀር አውርዳ፣ በርበሬውን ወደ መሀል ስታከማች ቆየች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወለች። ከስልኩ ጀርባ ዝናብ ይሰማል።

«ደረሰ» አለችኝ። «የመጨረሻውን ገመድ ስናስር ነው የጀመረው። ዳር ዳሩ ረጥቧል፤ እሱን ለይቼ ቤት ውስጥ አደርቀዋለሁ። መሀሉ ደህና ነው።» ቀጥላም «ይሄ እየመጣ ነው የሚለው ሰውዬ ማን ነው?» አለች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ሁለተኛ እንዳያናግረኝ ንገረው።»

ነገርኩት። መስታወት ፊት ቆሜ ነገርኩት።

በማግስቱ ትርሲት ኮምፒውተሯን ይዛ ሱቅ መጣች። ጎረቤቴንም ጠራሁት፤ መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ ገብቶ ጆንያዬ ላይ ሲቀመጥ ኩሊዎች ሥራ አቁመው አዩን። ትርሲት አንድ ተቀባይ መኖሩ ጥሩ እንደሆነና እሱ እንደሚቆይ ነገረችን። ነገር ግን ተቀባዩ የመጣውን ስህተት ማንነት አይቶ ለየብቻ ይመልሳል፤ ቁጥሩም እውነተኛው ይሆናል። ያ እንደ መቶ እግር የረዘመው እንግሊዝኛ ለደንበኛው አይታይም፣ ለእሷ ብቻ ይደርሳታል። ማንም ያላሰበው ስህተት ከመጣም መጨረሻ ላይ የሚቀበለው አለ።

«የማይገኝ ነገር ለፈለገ ሰው ምን እንበል?» አለች።

«የለም» አለ ጎረቤቴ።

«ካለው በላይ ላዘዘ?»

«ይህን ያህል የለም። ያለው ይህ ነው። ለቀረው ሌላ ሱቅ ይጠይቁ።»

«በቁጥር ቦታ ቃል ለጻፈ?»

«ብዙ ቁጥር አይደለም በይው።»

ትርሲት ሳቀች፤ «በቁጥር ይጻፉ» ብላ አለዘበችው። «እኛ ጋ ተበላሽቶ ከሆነስ?»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ጥፋቱ የራሳችን ሲሆን እንኳ ጨዋ ቃል ይጨመር ብዬ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ትዕዛዝዎ አልገባም» አስባልኩ። ጎረቤቴ አሰበና «አይጠብቁ፣ ይደውሉ የሚል ጨምሪበት» አላት። ጻፈችው። ከዚያ ልትፈትነው ሆን ብላ አንድ ነገር አበላሸች፤ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ስልኩ ጥፋቱ የእኛ ነው አለ። ትዕዛዝዎ አልገባም፣ አይጠብቁ አለ። በዚያው ቅጽበት የትርሲትም ስልክ ጮኸ፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ለእሷ እየነገራት ነው። ለካስ በጓሮ የሚሮጠው ይሄ ኖሯል!

ደስ አለኝና «ታዲያ ከሥሩ አንድ ‹ይቀመጡ› ብናስገባ?» አልኩ።

«አይሆንም ጋሼ» አለች ትርሲት።

ምራቴ አይሆንም ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋም ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ለልጄ ደውዬ «ደህና ልጅ ነው ያገባኸው» አልኩት፤ ለምን እንዳልኩት ግን አልገባውም።

ጀልባው? ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሠሩለት። ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል ወይ ብትሉኝ፣ የዝዋዩ ልጅ እስካሁን አልደወለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ዕለት ትርሲት ዕቃዋን እየሰበሰበች «ለቀረው ሌላ ሱቅ ይጠይቁ ከሚል፣ የጎረቤትዎን ሱቅ ስም ብናስገባስ? ማን ልበል?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው ያ ረድፉ የሚጠራበት ቃል ነበር፤ ዋጥኩት። እሱ ክምር ሸራው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ወደኛ አያይም፣ ግን እየሰማ እንደሆነ ጆሮው ያስታውቃል። ጮክ ብዬ፣ ረድፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነገርኳት። አሁን ከቡታጅራም ከወሊሶም ከእኔ ያጣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያነበው ይኸው ስም ነው፤ ሸምሱ።